የተሃድሶ ሕክምና ጥራት በጎጃም ደጋ፤ የታካሚ ቁጥር ወይስ የዕለት ሥራ?

የጮቄን ተራራ ተንተርሶ እስከ ዓባይ ሸለቆ ጠርዝ የሚዘረጋው የምሥራቅና የምዕራብ ጎጃም ደጋና ወይና ደጋ በጤፍ፣ በስንዴና በገብስ ምርቱ የታወቀ ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ አለት የተፈጠረው ቀይ አፈር፣ ወቅቱን ጠብቆ የሚጥለው ዝናብና ታታሪው አርሶ አደር ተዳምረው አካባቢውን ከአገሪቱ የእህል ጎተራዎች አንዱ አድርገውታል። ይሁንና ይኸው አፈር በባዶ እግሩ ለሚያርሰው፣ ለሚዘራውና ለሚያርመው ገበሬ የእግር እብጠት በሽታ መነሻ መሆኑ ከታወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኖታል።

በሽታው በሕክምናው አጠራር ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ስያሜውን የሰጡት በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የሠሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ሲሆኑ፣ ቃሉ በግሪክኛ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጣጠመ ነው። በሕዝቡ ዘንድ «ዝሆኔ» በሚለው የጋራ መጠሪያ ቢታወቅም፣ በቆላማ አካባቢ በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየ ነው። ከአፈሩ የሚገኙ እጅግ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገቡና የሊምፍ ፈሳሽ መተላለፊያዎችን ያውካሉ፤ እግርም ቀስ በቀስ ያብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰው ሲታመም መታየቱ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለ የሚያሳይ ቢሆንም፣ ተጋላጭ ሆኖ የተወለደም ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ በበሽታው ላይያዝ ይችላል።

የችግሩን ስፋት ለመረዳት ጥቂት አኃዞችን መመልከት ይበቃል። በ2005 ዓ.ም የተካሄደው አገር አቀፍ የበሽታው ስርጭት ዳሰሳ በአገሪቱ 345 ወረዳዎች በሽታው እንደሚገኝና 34 ነጥብ 9 ሚሊዮን ሕዝብ ለበሽታው ተጋላጭ በሆነ አካባቢ እንደሚኖር አመልክቷል። ከዚሁ ዳሰሳ በመነሳት በበሽታው የተያዙት ዜጎች ቁጥር ከ1 ሚሊዮን 500 ሺህ በላይ እንደሚሆን ተገምቷል። በጎጃም በኩል በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት ተካሂዶ በ2004 ዓ.ም የታተመው ጥናት ደግሞ ከመቶ ነዋሪዎች መካከል 3 ነጥብ 3 ያህሉ ሕሙማን መሆናቸውን አሳይቷል። አብዛኞቹ በሥራ ዕድሜ ላይ የሚገኙ ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ የሚያስፈልገው በሽታው የሚገድል ባለመሆኑ ነው። የሚገድል በሽታ በሞት ቁጥር ስለሚለካ በሪፖርት ጎልቶ ይታያል። ይህ በሽታ ግን የሚወስደው የሥራ ቀንን ነው። በወላይታ ዞን ተካሂዶ በ1998 ዓ.ም ይፋ የሆነው የኢኮኖሚ ጥናት አንድ ሕመምተኛ ከጠቅላላው የሥራ ቀኑ 45 በመቶውን እንደሚያጣ፣ በዚያን ጊዜ 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ያህል ሕዝብ በነበረው ዞን የሚደርሰው ዓመታዊ ጉዳትም ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚሆን አስልቷል። የሥራ ቀን የሚወስድ በሽታ ሕክምናው መመዘን ያለበት በሚመልሰው የሥራ ቀን ነው ቢባል ማንም አይቃወምም። በተግባር የሚሠራበት መለኪያ ግን ከዚህ ይለያል። የዚህ ሐተታ ጉዳይም ይኸው ነው።

ሕክምናው ውስብስብ አይደለም። እግርን በየዕለቱ በሳሙናና በውኃ መታጠብ፣ በብዙ ውኃ በቀጠነ በረኪና መዘፍዘፍ፣ አድርቆ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ቀላል እንቅስቃሴ መሥራት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። ይህ ሁሉ በቤት ውስጥ በሕመምተኛው እጅ የሚከናወን ሲሆን የጤና ባለሙያው ድርሻ ማስተማር፣ መከታተልና ማረም ነው።

ይህ ቀላል እንክብካቤ ምን ያህል እንደሚጠቅም በጥብቅ ንጽጽር የተፈተነውም እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ነው። 696 ሕሙማን በዕጣ በሁለት ተከፍለው አንደኛው ቡድን እንክብካቤውን ወዲያውኑ ሲጀምር ሁለተኛው ከ12 ወራት በኋላ እንዲያገኝ ተደረገ። ሥራው ከየማኅበረሰቡ በተመረጡ ሐኪም ባልሆኑ ረዳቶች የሚደገፍ ነበር። መለኪያ ሆኖ የተመረጠው የእግሩ ውፍረት አልነበረም፤ ሕመምተኛውን አልጋ ላይ የሚያውለው በትኩሳት፣ በማቃጠልና በብርቱ ሕመም የሚመጣው ድንገተኛ ግርሻ ነው። በ2010 ዓ.ም የታተመው ውጤት እንዳመለከተው እንክብካቤውን ያገኙት ሕሙማን በአማካይ በዓመት 19 ነጥብ 4 ጊዜ ሲያገረሽባቸው፣ ያላገኙት 23 ነጥብ 9 ጊዜ አገርሽቶባቸዋል። ልዩነቱ 19 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው።

ይህ አኃዝ በሁለት መንገድ ሊነበብ ይችላል። አንደኛው ንባብ በሳሙና፣ በፋሻና በጫማ ብቻ ከአምስት ግርሻ አንዱን ማስቀረት ይቻላል የሚል ሲሆን እውነት ነው። ሁለተኛው ንባብ ግን እንክብካቤውን በአግባቡ ያገኘ ሰው እንኳ በወር ከአንድ ጊዜ በላይ፣ ሁለት ጊዜ ገደማ እየታመመ ይተኛል የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። በመጀመሪያው ንባብ የረካ ኃላፊ ሥልጠናውን በማስፋት ሥራው የተጠናቀቀ ይመስለዋል። ሁለተኛውን የሚያነብ ግን ማን እንደተሻለው፣ ማን እንዳልተሻለውና ያልተሻለው ለምን እንደሆነ ይጠይቃል። አማካይ አኃዝ ጨርሶ ግርሻ የቀረለትን ሰውና ምንም ለውጥ ያላየውን ሰው በአንድ ላይ ደርቦ ያቀርባልና። የጥራት ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

ይህን ጥያቄ ዋና ሥራው ያደረገ የሕክምና ሙያ አለ። በዓለም አቀፍ ስሙ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። በአማርኛ እስካሁን አንድ ወጥ መጠሪያ አልወጣለትም። አንዳንዶች «የሙያ ሕክምና» ሲሉት አድማጩ የሙያ ሥልጠና ይመስለዋል፤ ሌሎች «የክዋኔ ሕክምና» ይሉታል። በስሙ ላይ የሚታየው መወላወል ቀላል ጉዳይ ቢመስልም፣ በአገራችን የመንግሥት አሠራር መጠሪያ የሌለው ሙያ የሥራ መደብ ዝርዝር ውስጥ ለመግባት እንደሚቸገር የሰው ሀብት ሥራ አመራር ባለሙያዎች ያውቁታል።

ሙያው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የቆሰሉ ወታደሮችን ወደ ሥራና ወደ ኑሮ ለመመለስ በተደረገው ጥረት የተጠናከረ ሲሆን፣ የዓለም ፌዴሬሽኑ የተመሠረተው እ.ኤ.አ በ1952 ነው። ፊዚዮቴራፒ በዋነኛነት የመገጣጠሚያን፣ የጡንቻንና የእንቅስቃሴን ጤንነት ሲመለከት፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ሰውየው በዚያ እንቅስቃሴ ምን መሥራት እንደሚፈልግና ምን እንዳቃተው ይጠይቃል። በጎጃም ደጋ ለሚኖር አርሶ አደር ይህ ማለት እርፍ ይዞ በሬ ተከትሎ መዋል፣ ጤፍ ማረም፣ ገበያ ወጥቶ መመለስ ነው። ለእናት ደግሞ ምጣድ ፊት ተቀምጦ እንጀራ መጋገር፣ ከምንጭ ውኃ መቅዳት፣ ልጅ አዝሎ ቁልቁለት መውረድ ነው። ቅዳሴ ቆሞ ማስቀደስ፣ ማኅበር መጠጣትና ዕድር መገኘትም ከዚሁ ይቆጠራል። ከነዚህ የተለየ ሰው እግሩ በግማሽ ቢቀንስለትም ተሻለኝ ለማለት ይቸግረዋል።

በኢትዮጵያ ሙያው ገና ወጣት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ትምህርትን በዲግሪ ደረጃ በ1990ዎቹ የጀመረ ሲሆን፣ በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ የዲግሪ ትምህርት ያደራጀው ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ በመሠረተው ትብብር ነው። ከዚያ በፊት ለሙያው የቀረበ አገልግሎት ይሰጥ የነበረው በአመዛኙ በሥጋ ደዌ ሕክምና ዙሪያ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት የተሃድሶና የሥልጠና ማዕከል የስሜት ሕዋሱ ለደነዘዘ እግር የሚሆን ጫማ የሚሠራበት ወርክሾፕ ነበረው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም በሥጋ ደዌ የተጎዱ ሰዎች በየመንደራቸው እየተሰባሰቡ አንዱ የሌላውን እግር የሚመረምርበትን የራስ እንክብካቤ ቡድን አደራጅቷል። ቁስል መዳኑንና አለመዳኑን የሚቆጣጠሩት የቡድኑ አባላት ራሳቸው ነበሩ። ጥራትን በበላይ አካል ፍተሻ ብቻ ሳይሆን በተጠቃሚው ዓይን የመከታተል ልምድ ለአገራችን አዲስ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል።

የጤናው ዘርፍ ስለ ጥራት ያልተናገረበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000 ዓ.ም አካባቢ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ሲካሄድ የተገልጋይ የቆይታ ጊዜ በደቂቃ ተለክቷል። በ2002 ዓ.ም የሆስፒታሎች ሪፎርም ትግበራ መመሪያ ወጥቶ በየምዕራፉ መሟላት ያለባቸው ደረጃዎች ተዘርዝረዋል። በ2004 ዓ.ም የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የጥራት ጥምረት ሲመሠረት ሆስፒታሎች እርስ በርስ እንዲማማሩና እንዲወዳደሩ ተደርጓል። ካይዘን መጥቶ 5ቱ «ማ»ዎች በየመጋዘኑና በየካርድ ክፍሉ ግድግዳ ተለጥፈዋል። በ2008 ዓ.ም ደግሞ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የጤና አገልግሎት ጥራት ስትራቴጂ ይፋ ሆኗል።

እነዚህ ሥራዎች ለውጥ አላመጡም ማለት ስህተት ይሆናል። የተስተካከለ ካርድ ክፍል፣ የሰዓት ተራ የሚጠበቅበት የተመላላሽ ሕክምና፣ የጸዳ ግቢ የነዚህ ውጤት ነው። ሆኖም የለውጡ መሣሪያዎች በባሕርያቸው ያተኮሩት በእናቶችና ሕጻናት ጤና፣ በተላላፊ በሽታዎች፣ በቀዶ ሕክምናና በአስተዳደር ሥራ ላይ ነው። ተሃድሶ በነዚህ መካከል ድምፁ የሚሰማ አልነበረም።

አሜሪካዊው ምሁር አቬዲስ ዶናቤድያን እ.ኤ.አ በ1966 ባቀረቡትና እስከ ዛሬ በሚሠራበት አከፋፈል የጤና አገልግሎት ጥራት በሦስት በኩል ይታያል። አንደኛው ግብዓትና አደረጃጀት፣ ሁለተኛው የአሠራር ሂደት፣ ሦስተኛው በታካሚው ላይ የሚታየው ውጤት ነው። የእግር እብጠት አገልግሎትን በዚህ ሚዛን ለሚያስቀምጥ ሰው ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ግልጽ ነው። ሳሙና መግባቱ፣ ባለሙያ መሠልጠኑና ይህን ያህል ሕሙማን አገልግሎት ማግኘታቸው በሪፖርት ይገለጻል። ሕመምተኛው ወደ እርሻው መመለሱን የሚጠይቅ ዓምድ ግን በብዙ ቅጾች ላይ ቦታ የለውም። «ለሕሙማን አገልግሎት ተሰጠ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለጸሐፊውም ለአንባቢውም ምቹ ነው፤ አንድ ሕመምተኛ አራት ጊዜ ተመላልሶ ምንም ሳይሻለው ቢቀር በዚህ አቆጣጠር አራት ስኬት ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል።

ውጤትን መለካት አይቻልም የሚል መከራከሪያ ሊነሳ ይችላል። የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎች ከሠላሳ ዓመታት በላይ የሚሠሩበት የካናዳ የክንውን መለኪያ ለዚህ ምላሽ ይሰጣል። ታካሚው ከዕለት ተዕለት ሥራው ያስቸገሩትን ይጠቅሳል፤ ከነዚህም እጅግ አስፈላጊ የሚላቸውን እስከ አምስት ይመርጣል። እያንዳንዱን አሁን ምን ያህል እንደሚሠራውና በአሠራሩ ምን ያህል እንደሚረካ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። ከሕክምናው በኋላ ያንኑ ዝርዝር ይዞ እንደገና ነጥብ ይሰጣል። የ2 ነጥብ ለውጥ ትርጉም ያለው መሻሻል ተደርጎ ይወሰዳል። ማሽን አያስፈልገውም፤ ወረቀት፣ እርሳስና ታካሚውን የሚሰማ ባለሙያ ካለ ይበቃል። በቁጥር ነጥብ መስጠት ላልለመደ ሰው በጣት ወይም በጠጠር ማስቆጠር ይቻላል።

ለጎጃም ገጠር የበለጠ የሚስማማ መለኪያም በሕዝቡ እጅ አለ። አርሶ አደሩ ወሩን የሚቆጥረው በበዓላት ነው። «ባለፈው ሚካኤልና በዛሬው ሚካኤል መካከል ስንት ቀን ተኛህ? ስንት ቀን አረስህ?» ተብሎ የተጠየቀ ገበሬ በወረቀት ከሚሞላ የቀን መቁጠሪያ ይልቅ ትክክለኛ መልስ ለመስጠት ይቀለዋል። መልሱ በካርዱ ላይ ቢሰፍር በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር የሕክምናው አቅጣጫ ይታያል። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ የቁርጭምጭሚትን ዙሪያ መለካትም እንዲሁ ከባድ ሥራ አይደለም። እነዚህ ሁለት አኃዞችና ታካሚው የመረጠው የሥራ ዝርዝር በአንድ ገጽ ላይ ሲሰፍሩ ባለሙያው ማቀድ፣ መተግበር፣ መገምገምና ማስተካከል የሚለውን የጥራት ዑደት በአንድ ታካሚ ላይ ማስኬድ ይችላል።

የዑደቱ ጥቅም የሚታየው ያልተሻለው ሰው ሲገኝ ነው። ያልተሻለውን ሰው «መመሪያውን አልተከተለም» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። የኦኩፔሽናል ቴራፒ አመለካከት ግን ለምን አልተከተለም ብሎ ቤቱ ድረስ ይሄዳል። አንድ አረጋዊ ጎንበስ ብለው የእግራቸውን ጣት መንካት ካልቻሉ እግርን በየዕለቱ መታጠብ የሚለው ትምህርት ለእርሳቸው ትርጉም የለውም፤ የሚያስፈልጋቸው ከፍ ያለ በርጩማና እጀታው የረዘመ ማሻሻ ነው። ምንጩ ሩቅ በሆነበት መንደር ለእግር መታጠቢያ የሚሆነውን ጀሪካን ተሸክማ የምታመጣው ሕመምተኛዋ ራሷ ከሆነች፣ ሕክምናው ሕመሙን የሚያባብስ ጉዞ ይጠይቃታል ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ የታጠበ ፋሻ ሁለት ቀን ሙሉ ላይደርቅ ይችላል፤ አንድ ፋሻ ብቻ የተሰጠው ሰው እርጥቡን ይጠቀልላል ወይም ይተወዋል። መፍትሔው ምክር መደጋገም አይደለም። ሁለተኛ ፋሻ መስጠት ነው።

የጫማው ጉዳይ ከሁሉም በላይ ሰፊ ነው። ያበጠ እግር ገበያ ላይ በሚገኝ ጫማ ውስጥ አይገባም። ኮንጎ ጫማ ይጠብበዋል፤ በረባሶ ደግሞ አፈሩን አይከለክልም። ስለዚህ በልክ የተሠራ ሰፊ ጫማ ያስፈልጋል። ይህ ጫማ ቢገኝም ሌላ ጥያቄ ይከተላል። የጤፍ ማሳ ለዘር ሲዘጋጅ በጭቃ የሚረገጥ ነው፤ ጫማ ያደረገ ሰው ጭቃው ይይዘዋል፤ ጫማውም ቶሎ ይቀደዳል። በዚህም ምክንያት ጫማውን ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን አስቀምጦ በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው ቢኖር ሊያስገርም አይገባም። ይህን አውቆ ለእርሻ የሚሆንና ለአዘቦት የሚሆን ጫማ ለይቶ ማሰብ፣ ከማሳ እንደተመለሱ ወዲያውኑ የመታጠብን ልማድ ከከብት ማስገባት ጋር አያይዞ ማስለመድ የሙያው ጥበብ ነው። «ለይህን ያህል ሕሙማን ጫማ ታደለ» የሚል ሪፖርት ጫማው በየትኛው ሰዓት ከእግር ላይ እንዳለ አይናገርም።

በደብረ ማርቆስ የእግር እብጠት ሕክምና እንዲጀመር መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ድርሻ ነበራቸው። ዓለም አቀፉ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች በጎ አድራጎት ድርጅት በአካባቢው ሲሠራ መቆየቱ ከነዚህ አንዱ ነው። ጅምሩ የሚያስመሰግን ቢሆንም በፕሮጀክት የሚመጣ አገልግሎት በፕሮጀክት ዘመን ልክ የሚለካ መሆኑ የታወቀ ነው። ከዚህ አኳያ በአዊ ዞን ጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ የተሞከረው አሠራር ትኩረት የሚስብ ነው። በዚያ የእግር እብጠት፣ የዝሆኔና የሥጋ ደዌ ሕሙማን እንክብካቤ በአንድነት ተቀናጅቶ በመደበኛው የጤና አገልግሎት ውስጥ እንዲገባ ተደርጓል። የአእምሮ ጤና ድጋፍም ተጨምሮበታል። ውጤቱ ሲመዘንም የእግር ውፍረት ብቻ ሳይሆን የአካል ጉዳት ደረጃ፣ ድብርት፣ መገለልና የኑሮ ጥራት ተለክተው መሻሻል ታይቶባቸዋል። በሽታው እርግማን ነው በሚል ከጋብቻና ከማኅበር ለሚገለል ሰው የድብርት መለኪያ ቅንጦት ሊባል አይችልም።

የአደረጃጀት ጥያቄም አብሮ ይነሳል። የሰው ሠራሽ አካልና የድጋፍ መሣሪያ የሚሰጡት የአካል ተሃድሶ ማዕከላት ለረጅም ዓመታት ሲተዳደሩ የቆዩት በሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ መዋቅር ሥር ሲሆን፣ ፊዚዮቴራፒና ቀዶ ሕክምና በጤና መዋቅር ሥር ነው። አንድ ታካሚ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲላክ ካርዱ አብሮት አይሄድም፤ የአንዱ ተቋም ውጤት በሌላው ሪፖርት አይታይም። ለምሥራቅ ጎጃም ነዋሪ በክልሉ የሚገኘው የባሕር ዳር አካል ተሃድሶ ማዕከል ከደብረ ማርቆስ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የተከሰተው የጸጥታ ችግር ይህን ጉዞ ይበልጥ ከባድ አድርጎታል። በመሆኑም ለክትትል ሩቅ መሄድን የማይጠይቅ፣ በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ ደረጃ የሚሰጥ አገልግሎት ምርጫ ብቻ ሳይሆን ግዴታ እየሆነ መጥቷል። ለዚህ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መሠረት ይሆናል።

የሕግ ማዕቀፉ ሲታይ ጉድለቱ የሕግ አይደለም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት የአገሪቱ የኢኮኖሚ አቅም በፈቀደ መጠን እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል። አገሪቱ በ2002 ዓ.ም ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንም ስለ ተሃድሶ ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም «ተሃድሶ 2030» የተሰኘውን ጥሪ አስተላልፏል፤ የዓለም ጤና ጉባኤም በግንቦት 2015 ዓ.ም ተሃድሶ በጤና ሥርዓት ውስጥ እንዲጠናከር የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል። ድርጅቱ በተሃድሶ ሊጠቀሙ የሚችሉ የዓለም ሕዝቦችን ቁጥር 2 ነጥብ 4 ቢሊዮን አድርሶታል።

የቀረው ሥራ በዞንና በወረዳ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ነው። ሰፊ ጥናት ወይም አዲስ ንቅናቄ አይጠይቅም። አንደኛ፣ ከጎንደር ተመርቀው የሚወጡ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎች በሆስፒታሎች የሚቀጠሩበት መደብ ካልተከፈተ ባለሙያዎቹ በሌላ መደብ ይሠራሉ ወይም አገር ይለቃሉ። በአንድ ዞን አንድ ባለሙያ ቢኖር እንኳ የጤና ጣቢያ ነርሶችንና የኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን እየተዘዋወረ መደገፍ፣ ያልተሻላቸውን ሕሙማን ካርድ ለይቶ መመርመር ይችላል። ሁሉንም ታካሚ ራሱ ያክም ከተባለ ግን አንድም ጥራት ያለው ሥራ አይሠራም። ሁለተኛ፣ በክትትል ካርዱ ላይ የተኛበት ቀን ብዛትና የመረጠው ሥራ የሚሞሉባቸው ሁለት ቦታዎች መጨመር አለባቸው። አዲስ ቅጽ ማሳተም አያስፈልግም፤ ባለሙያው ከቅጽ ብዛት የተነሳ ከታካሚው ይልቅ ወረቀቱን እየተመለከተ እንደሚውል ማንም ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ያየዋል። ቢቻል ከነባሮቹ ዓምዶች ማንም የማያነባቸው ሁለቱ ቢወጡ ይመረጣል።

ውጤትን የመለካት አሠራር የራሱ አደጋ እንዳለውም መዘንጋት አይገባም። የተኛበት ቀን መቀነሱ ለባለሙያው የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ማሰጫ ከሆነ ቀኑ በእግር ላይ ሳይሆን በወረቀት ላይ ይቀንሳል። በውጤት ተኮር ምዘና ዘመን የታየው ይህ ነው። አኃዙ ሕክምናውን ማስተካከያ እንጂ ባለሙያውን መቅጫ ወይም መሸለሚያ እንዳይሆን የበላይ ኃላፊው ከመጀመሪያው ግልጽ ማድረግ ይኖርበታል። ያልተሻላቸው ሕሙማን ቁጥር ከፍ ብሎ የተመዘገበበት ጤና ጣቢያ ምናልባት በሐቀኝነት የመዘገበው ብቻ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ የሚነሳው የግዥ ወቅት ነው። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ሳሙና፣ ፋሻና በልክ የሚሠራ ጫማ በአዲሱ በጀት ይገዛ ከተባለ የፍላጎት ዝርዝር ተሰብስቦ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ አሸናፊ ተለይቶ ዕቃው ወረዳ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። የጤፍ ዘር ግን የሚዘራው በሐምሌ ነው፤ አረሙም የሚታረመው በነሐሴና በመስከረም ነው። በባዶ እግር ከእርጥብ አፈር ጋር የሚዋልባቸው ሳምንታት እነዚህ ናቸው። ጫማው በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ሲታደል ማሳው ታጭዶ አፈሩ ደርቋል። የጎጃም ወረዳዎች የሚቀጥለውን ክረምት የጫማ ልክ መለካት ያለባቸው በጥርና በየካቲት ነው፤ ግዥውም ከሰኔ በፊት የሚጠናቀቀው በያዝነው በጀት ዓመት ዕቅድ ውስጥ ከተካተተ ብቻ ነው።